አምስታችንም ልብስ ሰፊ ነን፣ በቡድን እንበደር ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የባህል ልብስ የምንሰፋ አምስት ሴቶች ነን። አንድ አበዳሪ ተቋም ቡድን ከመሠረታችሁ ለያንዳንዳችሁ መቶ ሺህ ብር እሰጣለሁ፣ ቤትም ካርታም አልጠይቅም፣ እርስ በርሳችሁ ዋስ ትሆናላችሁ አለን። አንድ ዓመት ነው የመክፈያው ጊዜ። አንዷ የባሌ እህት ናት። ሁላችንም አንድ ሥራ መሥራታችን ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል? በዚህ ሳምንት እንድንፈርም እየጠበቁን ነው።»

እህቴ፣ እንኳን ቀድመሽ ጠየቅሽ። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀኝ ከፈረመ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ እኔም የምለው ነገር የለኝም።

እኔ እዚሁ ጎንደር አሥራ አንድ ዓመት የብድር ኦፊሰር ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠዋት አዘዞ፣ ከሰዓት ማራኪ፣ በእግርም በባጃጅም፣ ደብተር በብብቴ ይዤ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንት ቡድን እንዳደራጀሁ አላስታውስም። የፈረሱትን ግን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

መልሴ ይኸውልሽ። መበደሩን አልቃወምም። አምስታችሁም የባህል ልብስ ሰፊ ሆናችሁ፣ አምስታችሁም በአንድ ቀን ተቀብላችሁ፣ አምስታችሁም በአንድ ቀን መክፈል የምትጀምሩበትን ግን አልወደድኩትም፣ እሱም በዚህ በየካቲት። የቡድን ዋስትና የሚሠራው አንዷ ስትወድቅ አራቱ ቆመው ሲገኙ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ሲወድቁ አብረው ነው የሚወድቁት።

መጀመሪያ ስለ ፊርማው። «እርስ በርሳችሁ ዋስ ትሆናላችሁ» ሲባል ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው እንደ እድር ነው፣ አንዷ ሲቸግራት ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን ዓይነት። እንደዚያ አይደለም። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ ፈልጊ። ተቋሙ የአምስታችሁን ዕዳ፣ ግማሽ ሚሊዮኑን፣ ከፈለገ ካንቺ ብቻ መጠየቅ ይችላል ማለት ናት። «እኔ ድርሻዬን ከፍያለሁ፣ እነሱን ክሰስ» ማለት አያድንሽም። ደግሞ ሐረጓ አለመጻፏ ብቻውን ነፃ አያወጣሽም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1896 ላይ ባለዕዳዎች ብዙ ሲሆኑ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር እንዲህ ተያይዘው ይጠየቃሉ ይላል። ለሌላዋ የከፈለችው ሴት ዞራ ያልከፈለችውን መጠየቅ ትችላለች፣ መብቷ ነው። ግን ያ ሌላ ክስ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ የባጃጅ ሒሳብ ነው።

ውሉ «ዋስ» የሚል ከሆነ ደግሞ ቁጥር 1922ን ያዙ። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ዋሷ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደምትጠየቅም ተጽፎ መገኘት አለበት፣ ካልተጻፈ አይጸናም። ስለዚህ «ከፍተኛው መጠን የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሲጠየቅ ፊቱ የሚጠቁር ኦፊሰር አለ። ይጥቆር።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው ሲያምታታ አያለሁ። ቡድን ሆኖ መበደርና ማኅበር አቋቁሞ በማኅበሩ ስም መበደር ይለያያሉ። በመጀመሪያው ሁላችሁም የየራሳችሁ የስፌት መኪና፣ የየራሳችሁ ደንበኛ፣ የየራሳችሁ ገንዘብ አላችሁ፣ የምትገናኙት በዕዳው ብቻ ነው። በሁለተኛው ገንዘቡም ሥራውም አንድ ቋት ነው። ማኅበሩ የኅብረት ሽርክና ከሆነ ተያይዞ መጠየቁ በራሱ በሕጉ አለ። ያንቺ ከነገርሽኝ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

አሁን ቁጥር እንሥራ። የወለዱን መጠን አልነገርሽኝም፣ ለምሳሌ ያህል በዓመት 18 በመቶ፣ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ፣ በ12 ወር የሚከፈል እንበል። መቶ ሺህ የወሰደች ሴት በየወሩ 9,168 ብር ገደማ ትከፍላለች። አራት ወር ከከፈላችሁ በኋላ አንዷ ጠፋች። የስምንት ወር ይቀራታል፣ 73,344 ብር። ለአራት ሲካፈል በያንዳንዳችሁ ላይ በወር 2,292 ብር ይጨመራል። ይከብዳል፣ ግን ትችሉታላችሁ። ሁለት ቢጠፉስ? ለቀራችሁት ለሦስታችሁ በወር 6,112 ብር በነፍስ ወከፍ ነው። 9,168 ስትከፍል የነበረች ሴት አሁን 15,280 ልትከፍል ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ጎበዟም ማቆም ያምራታል።

እንዴት እንደሚገለበጥ አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። አምስት ሴቶች የነበሩበት ቡድን ነበረኝ፣ ወርሃዊ ስብሰባችን የሊቀመንበሯ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ሊቀመንበሯ ጠላ ጠማቂ ናቸው፣ እትዬ ነበር የምላቸው። በሦስተኛው ወር አንዷ ቀረች፣ ልጇ ታሞ ነው ተባለ። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፣ የተቋጠረውን ብር ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቆጠሩ፣ የራሳቸውን ለይተው ሰጡኝ፣ ከቀረችው ላይ ደግሞ ትንሽ ቆንጠር አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡና ሌሎቹን አዩ። ማንም ምንም ሳይናገር እያንዳንዷ አወጣች። ሞላ። በሚቀጥለው ወር ሁለት ቀሩ። እትዬ ቋጠሮውን ፈቱ፣ ቆጠሩ፣ ከዚያ መልሰው ቋጠሩት። «ልጄ፣ የኔን ብሰጥህ ደብተርህ ላይ እኔ ከፍያለሁ ይላል?» አሉኝ። አይልም። ደብተሩ የሚያውቀው ቡድኑን ነው፣ ቡድኑ ካልሞላ ሁሉም ውዝፍ ነው፣ ሁሉም በሚቀጥለው ዙር አይበደሩም። እውነቱን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ይዤው ልቆይ፣ ለልጆቼ ጤፍ ይሆናል» አሉ። ምን ልበላቸው? ሒሳቡን ከእኔ በተሻለ ሠርተውታል። ያን ቀን ባዶ ደብተር ይዤ ቢሮ ገባሁ፣ አለቃዬ የሰደበኝን ስድብ ዛሬም አልረሳውም።

የቡድን ብድር ጉልበቱም ድክመቱም እዚያች በረንዳ ላይ ነበር። አንዷን ይሸከማል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መክፈል የምትችለዋንም ይዞ ይወርዳል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። አንድ ዓይነት ሥራ።

ተቋሞቹ ይህን ይወዱታል። ክላስተር ይሉታል፣ አንድ ሼድ ውስጥ ሰብስበው አንድ ሥልጠና፣ አንድ ጉብኝት፣ አንድ ሪፖርት። ለእነሱ ይቀላል። እኔም ወድጄው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ነዳጅ ይቆጥባል። ለእናንተም ጥቅም የለውም አልልም። ሰፊ ሰፊን አትሸውድም። እኔ ኦፊሰሩ ሱቅሽ ገብቼ የተቆለለ ጣቃ ሳይ ሥራ ያለሽ ይመስለኛል። ጎረቤትሽ ግን ያ ጣቃ ባለፈው ዓመት ያልተሸጠ እንደሆነ፣ ቀብድ ተቀብለሽ ያላስረከብሽው ቀሚስ ስንት እንደሆነ፣ ኦቨርሎክሽ ከተበላሸ ሁለት ወር እንደሆነው ታውቃለች። ለባንክ የማይታየው ለእሷ ግልጽ ነው። አበዳሪው በቡድን የሚያበድረው በዋናነት ይህን እውቀታችሁን ፈልጎ ነው፣ የማይከፍለውን እናንተ አስቀድማችሁ እንድታባርሩለት።

ሌላም ጥቅም አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው። አንዷ ብትታመም ወይም ብትወልድ ሌሎቻችሁ ሥራዋን መጨረስ ትችላላችሁ። የሙሽራ ቀሚሷ ተቆርጦ ጥልፉ ግማሽ ላይ ቆሟል እንበል። አራታችሁ ሁለት ሌሊት ተቀምጣችሁ ትጨርሱታላችሁ፣ ደንበኛዋ ቀሪውን ትከፍላለች፣ የወሩ ክፍያ ይወጣል። ጠላ ጠማቂና ጫማ ሰፊ አንድ ቡድን ቢሆኑ ይህን ሊያደርጉ አይችሉም። እንግዲህ በግል ለሚመጣ ችግር፣ ለበሽታ፣ ለሐዘን፣ ለሌባ፣ አንድ ሙያ መሆናችሁ ያግዛል። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

ሁላችሁንም በአንዴ የሚመታ ሲመጣስ? ፋሲል ግቢ አካባቢ ለቱሪስት መስቀል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ስካርፍ የሚሸጡ አምስት ልጆች ቡድን ነበሩ። ጎበዞች። ሁለት ዙር ተበድረው በሰዓቱ ከፍለዋል፣ ለሌሎች ምሳሌ አድርጌ የምጠራቸው እነሱን ነበር። በ2012 ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ፣ ያ ጥር ገበያው ደራ፣ ልጆቹ ሦስተኛውን ዙር ከፍ አድርገው ወሰዱና ዕቃ ሞሉ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ፈረንጅ የለም። አንድም። አምስቱም በአንድ ወር ቆሙ። ማን ለማን ይክፈል? አንዳቸው እንኳ ባጃጅ ነጂ ወይም ባለ ወፍጮ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ ጥቂት ወራት ይተነፍስ ነበር። ያንን ቡድን ሦስተኛው ዙር ላይ ከፍ እንዲሉ ያበረታታሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱን ለኮሮና ብቻ አልሰጠውም።

እናንተን ለመጣል ኮሮና መምጣት አያስፈልገውም። መብራት ሳምንት ቢጠፋ የአምስታችሁም የጥልፍ መኪና ይቆማል። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ክርና ጨርቅ ለአምስታችሁም ይወደዳል። ዘንድሮ ሙሽሮች ሌላ ፋሽን ቢያምራቸው አምስታችሁም ያረጀ ዲዛይን ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። አንድ ደግሞ አለ፣ ከሁሉ የሚያናድደኝ። አምስት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን መቶ መቶ ሺህ ብር ሲገባላቸው ምን ያደርጋሉ? አምስቱም ያንኑ የጥልፍ መኪና ይገዛሉ፣ ያንኑ ቀሚስ ይሰፋሉ፣ በዚያው መንገድ ዳር ይሰቅላሉ፣ ከዚያ ደንበኛ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ዋጋ ታስጥላቸዋለች። ብድሩ ራሱ ገበያችሁን ይሰብረዋል። በሥልጠና ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሏችኋል፣ እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ሸማኔ ጎረቤትሽን ጠይቂው እስቲ፣ ድሩ ሁሉ በአንድ ቦታ ከሳሳ ምን እንደሚሆን።

ይህ የቡድን ነገር ከየት መጣ ካልሽ፣ ታሪኩ ረጅም ነው፣ በሩጫ ልንገርሽ። የዛሬውን መልክ ያስያዙት የባንግላዴሹ ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር ያህል ከኪሳቸው አበድረው ጀመሩ፣ በ1983 ግራሚን ባንክ ሆነ፣ በ2006 እሳቸውና ባንኩ የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። አምስት አምስት ሆኖ መቧደን ከዚያ ነው የመጣው። እኛ ዘንድ የማይክሮ ፋይናንስ የመጀመሪያው አዋጅ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ቁጥር 40/1988 ነው፣ ኋላ በ626/2001 ተተካ። በክልላችን አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው፣ በዚያ ዘመን ተነስቶ ገጠር ድረስ በቡድን ሲያበድር ነበር። ያኔ ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ የፈቀደው ጣሪያ 5,000 ብር ነበር። ለ5,000 ብር ዋስ መሆንና ለአራት ሰው መቶ መቶ ሺህ ዋስ መሆን አንድ አይደለም፣ ብሩ ሲያድግ የዋስትናው ዘዴ ግን እንደነበረ ቀርቷል።

ግራሚን ራሱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ደንቡን ሲያሻሽል አንዱ ለሌላው ዕዳ የመክፈል ግዴታውን ትቶታል። ቡድኑና ስብሰባው ቀረ፣ ዋስትናው ወጣ። ፊሊፒንስ ውስጥም ዣቪዬ ጂኔና ዲን ካርላን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከአንድ ባንክ ጋር ሆነው በቡድን ዋስትና የነበሩ ማዕከላትን ወደ ግል ኃላፊነት አዛውረው ተከታተሉ፣ ስብሰባው እንዳለ ሆኖ። የማይከፍል ሰው ቁጥር አልጨመረም። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰውን የሚያስከፍለው «ትከሰሻለሽ» የሚለው ሳይሆን በየሳምንቱ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ነው። እቁብ ያለ ፍርድ ቤት ስንት ዘመን የኖረው በምን ሆነና? ይህን ለኦፊሰራችሁ ብትነግሩት ደንቡን አይቀይርላችሁም፣ እጁ ላይ አይደለም። ግን ለመደራደር ልብ ይሰጣችኋል።

እሺ፣ ምን አድርጉ ነው የምለው?

በዚህ ሳምንት አትፈርሙ። አሁን የካቲት ነው። ጥምቀት አልፏል፣ የጥር ሰርግ አልቋል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሰርግ የለም፣ የባህል ልብስ የሚያሰፋ የለም። አሁን ብትወስዱ የመጀመሪያውን ሁለት ክፍያ የምትከፍሉት ከተበደራችሁት ከራሱ ላይ ቆንጥራችሁ ነው። በራሱ ገንዘብ ወለድ መክፈል ማለት ይኸው ነው። ለፋሲካና ለሚያዝያ ሰርግ እንዘጋጅበታለን ካላችሁ ይገባኛል፣ ግን ሚያዝያና ግንቦት ካለፉ በኋላ ክረምቱ አለ፣ ሰኔና ሐምሌ ጎንደር ዝናብ ነው፣ ገበያው ጭር ይላል፣ ክፍያው ግን ጭር አይልም። ለእናንተ ሥራ ብድሩ መምጣት ያለበት መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ነው። ክርና ጣቃ በርከት አድርጋችሁ ትገዛላችሁ፣ ሁለት ወር ትሰፋላችሁ፣ ታኅሣሥ ላይ መሸጥ ትጀምራላችሁ፣ ጥምቀትን ጎንደር ላይ ሆኖ ልብስ ያልሸጠ ሰፊ እንግዲህ መቼም አይሸጥም። የሁለት ወር የእፎይታ ጊዜ ጠይቁ። ከዚያ ክፍያው ጥርና የካቲት ላይ ከፍ፣ በጾም ዝቅ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከፍ፣ በክረምት ዝቅ እንዲል ጠይቁ። «ሲስተሙ አይቀበልም» ይሏችሁ ይሆናል። ለገበሬ ሲሆን በምርት ወቅት ይቀበላሉ አይደል? እሱን አንሱባቸው።

እስከዚያ ድረስ እቁብ ጣሉ። አልቀለድኩም። አምስታችሁ ብቻ፣ በሳምንት 1,000 ብር፣ በዕጣ። አንድ ዙር አምስት ሳምንት ነው። አራት ዙር ሂዱ፣ ሐምሌ ላይ ትጨርሳላችሁ። እኔ የማየው ገና ያልወጣላትን አይደለም፣ እሷማ ተስፋ ስላላት ትጥላለች። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣላት ሴት በአራተኛው ሳምንት በሰዓቱ ይዛ ትመጣለች ወይስ ስልኳ ጥሪ አይቀበልም? ከኔ የብድር ማመልከቻ ፎርም ይልቅ ያቺ ሳምንት ትነግርሻለች።

ከዚያ የቡድኑን ሰው አስቡበት። ሁለታችሁን አባርሩ እያልኩ አይደለም፣ ወዳጅነት አፍርሱ ማለቴም አይደለም። ሦስት የባህል ልብስ ሰፊ ይበቃል። የቀሩት ሁለቱ የገበያ ወራቸው የተለየ ይሁን። ከእናንተው መሃል የተማሪ ዩኒፎርም ወደ መስፋት የምታደላ ካለች እሰየው፣ የእሷ ገበያ ነሐሴና መስከረም ነው፣ እናንተ ባዶ እጃችሁን ስትቀመጡ እሷ ትሠራለች፣ መኪና ቢበላሽባት ደግሞ መጥገን ታውቃላችሁ። አምስተኛዋ ከሰፈራችሁ በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጅ ወይም ቁርስ ቤት ያላት ትሁን። ሰው በጾም ቀሚስ አያሰፋም፣ ሽሮ ግን ይበላል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሸማኔ ይጨምርና «ይኸው ሥራችን ተለያየ» ይላል። አልተለያየም። ጥበቡን የሚሸጠው ለእናንተ ነው፣ እናንተ ከቆማችሁ እሱም ቆመ። ክር ነጋዴዋም እንዲሁ። አንድ ሰፈር ይሁኑ፣ ቤታቸውን እወቁ፣ የሚከፍላቸው ደንበኛ ግን ሌላ ይሁን።

ገንዘቡን ደግሞ ሁላችሁም በአንድ ቀን አትውሰዱ። የድሮው የግራሚን ዘዴ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ይወስዳሉ፣ ጥቂት ሳምንት በደንብ ከከፈሉ ሌሎች ሁለት፣ መጨረሻ ሊቀመንበሯ። ለተቋሙ ደኅንነት ብለው ያመጡት ነው፣ ግን ለእናንተም ይሠራል፣ አምስት የጥልፍ መኪና በአንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ አይገባም። የሽሮዋ ሴት ለጾሙ ስለሆነ የምትፈልገው የመጨረሻዋ እሷ ብትሆን ማንም አይጎዳም።

የራሳችሁ መጠባበቂያ ይኑራችሁ። በሳምንት 200 ብር በነፍስ ወከፍ ብታስቀምጡ ለአምስት 1,000 ነው፣ በዓመት 52,000። አንዷ ብትወድቅ ከአምስት ወር በላይ ክፍያዋን ይሸፍናል። በሁለት ሰው ፊርማ የሚወጣ ሒሳብ ላይ ይሁን፣ አንድ ሰው ቤት አይቀመጥ፣ እናቴም ብትሆን። አንዷ ለሌላዋ ስትከፍልም በደብተር ይጻፍ፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የተከፈለላት ሴት ፊርማ። እትዬ ያን ቀን የፈለጉት ይህችን ወረቀት ነበር።

ስለ ወለዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «በቀሪው ላይ ነው የምታሰሉት ወይስ በመነሻው ላይ?» 18 በመቶ በመነሻው፣ ፍላት የሚሉት፣ ከሆነ በዓመት 18,000 ብር ወለድ ነው፣ በወር 9,833 ብር ትከፍላላችሁ። በቀሪው ላይ ከሆነ ወለዱ ወደ 10,000 ገደማ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ 18 ነው የሚሉት፣ ግን ፍላቱን በቀሪ ቢያሰሉት ወደ 32 በመቶ ይጠጋል፣ ምክንያቱም የመለሳችሁትን ብር ጭምር እየከፈላችሁበት ነው። ከብድሩ ላይ አሥር በመቶ «የግዴታ ቁጠባ» ብለው ከያዙ ደግሞ እጃችሁ የሚገባው 90,000 ነው፣ ወለድ የምትከፍሉት በመቶ ሺህ ላይ ነው።

ሌላ መንገድም አለ፣ አይተሽው እንደሆነ አላውቅም። የምትፈልጉት ለመኪና ብቻ ከሆነ የቡድን ዋስትና ውስጥ ለምን ትገባላችሁ? የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ፣ በክልላችን ዋልያ የሚባለው አለ፣ መኪናውን ይገዙልሻል፣ እየሠራሽ በየጊዜው ትከፍያለሽ፣ ስትጨርሺ ያንቺ ይሆናል። በአዋጅ 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ የስፌት መኪናም ቢሆን፣ ተመዝግቦ መያዣ መሆን ይችላል። ሁሉም አበዳሪ በደስታ አይቀበለውም፣ ጠይቂ ግን። ለጣቃና ለክር መግዣ ብቻ ከሆነ ቡድኑ ይሻላል፣ እሱም ከመቶ ሺህ ባነሰ። የሚሰጣችሁን ሁሉ መውሰድ ግዴታ የለባችሁም። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዙር 60,000 ነበር የምጠይቀው።

የባልሽ እህት። ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየኋት፣ ጥያቄሽ ውስጥ እሷን ለምን ለብቻ እንዳነሳሻት ሳይገባኝ አልቀረም። ብዙ ተቋማት የአንድ ቤተሰብ ሰው በአንድ ቡድን አይቀበሉም፣ ስለዚህ ምናልባት እነሱ ራሳቸው ይገላግሉሽ ይሆናል። ዝም ካሉ ግን አንቺ አስቢው። ሌላዋ ሴት ሳትከፍል ስትቀር ቤቷ ሄደሽ በር ታንኳኪያለሽ፣ ትጣያለሽ፣ ትታረቂያለሽ። እሷ ሳትከፍል ስትቀር ግን ማታ እራት ላይ ባልሽ ምን ይላል? «እህቴ ናት፣ ታገሻት» ይላል። አንቺም ትታገሻለሽ፣ ሌሎቹ ሦስቱም ያንቺን መታገሥ ያያሉ። ስለዚህ እቁቡ ላይ ትግባ፣ ብድሩ ላይ ለሌላ ቡድን ትሁን። መንገሩ ከከበደሽ በኔ አሳቢ፣ «ባለሙያው ቤተሰብ አይደባለቅ አለ» በያት።

ውሉ እጅሽ ከገባ ስለ ውዝፍ ቅጣት የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ በቀን ነው ወይስ በወር የሚቆጥሩት የሚለውን ሳላይ ምንም አልልሽም።